የፊት እግር ሲያንኳኳ፦ በቆየ ኮሮላና ቪትዝ ላይ ምኑን መቀየር፣ ምኑን መጠገን፣ ምኑን ማቆየት

የፊት እግሩ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል) እያንኳኳ ጋራዥ የገባ የቆየ መኪና ብዙ ጊዜ ረጅም ዝርዝር ይጻፍለታል፦ ሁለት አሞርዛተር (የመንገድ ምት አብራጅ)፣ ሁለት ሎወር አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ የታችኛው ክንድ)፣ ቦል ጆይንት (በአርሙ ጫፍ ያለ የኳስ መገጣጠሚያ) ግራና ቀኝ፣ ቴስቲኒ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኝ ጫፍ)፣ ሊንክ፣ የእጅ ዋጋ፣ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል)። ድምሩን ያየ ባለቤት ወይ «ሁሉንም ቀይሩትና ልገላገል» ይላል፣ ወይ «እስኪሰበር ይሂድ» ብሎ ቁልፉን ተቀብሎ ይወጣል። ሁለቱም ያከስራሉ። የመጀመሪያው ገና የሚሠራ ዕቃ ያስጥላል፤ ሁለተኛው አንድ ቦል ጆይንት ለማትረፍ ሲባል ጎማ፣ ሲብስም ፓራፋንጎ (የጎማ ክዳን) እና ሲቪ ጆይንት (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርስ መገጣጠሚያ) ያስበላል።

ውጭ አገር «ጥገናው የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ካለፈ ይጣል» የሚል ስሌት አለ። እኛ ዘንድ አይሠራም። የቆየ ኮሮላ ወይም ቪትዝ በእኛ ገበያ ዋጋውን ይዞ የሚቆይ ንብረት ነው፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ያምናው ሒሳብ ለዘንድሮ አይሆንም። ስለዚህ እዚህ የብር ዋጋ አልተጻፈም። የተጻፈው ከዝርዝሩ ውስጥ የቱ ዛሬ መሠራት እንዳለበት፣ የቱ መስከረም እስኪጠባ እንደሚቆይ፣ የቱ ዕቃ አዲስ ብቻ፣ የቱስ ያገለገለ ሊሆን እንደሚችል ነው።

የሚከተለው ሁሉ የሚመለከተው በየጎማው አንድ አሞርዛተር ከነሞላው፣ ከታች አንድ አርም፣ በአርሙ ጫፍ አንድ ቦል ጆይንት ያላቸውን መኪኖች ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠሩት ኮሮላዎች፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ኮሮላና ቪትዝ ሁሉም እንዲህ ናቸው።

መጀመሪያ የቱ እንደሚያንኳኳ ማወቅ

«እግሩ ያንኳኳል» ብቻ ብሎ መኪና መስጠት ባዶ ቼክ ፈርሞ እንደመስጠት ነው። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ለይቶ መንገር ግማሹን ሒሳብ ይቀንሳል።

ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ቶሎ ቶሎ የሚል ቀጭን ኳኳታ አብዛኛውን ጊዜ የስታቢላይዘር (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያዘነብል የሚይዝ ዘንግ) ሊንክ ወይም የስታቢላይዘሩ ጎሚኒ (በብረቶች መካከል የሚገባ ጎማ) ነው፤ ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹና ቀላሉ ይህ ነው፣ ግን ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሰው አሞርዛተር ያስቀይርበታል። ፍሬን ሲያዝ ወይም መኪናው ሲነሳ አንዴ «ዷ» የሚል ወፍራም ድምፅ የአርሙ የኋላ ጎሚኒ ተቀዶ አርሙ ወደፊትና ወደኋላ ሲጫወት ነው። ቆሞ መሪ ሲዞር ከሞላው አካባቢ የሚመጣ መንጠርና መንቋቋት የአሞርዛተሩ የላይኛው መያዣ ኩሽኔታ ነው። መሪ ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ ቀጭ ቀጭ የሚለው ደግሞ ሲቪ ጆይንት ነው፤ የእግር ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉርምርምታ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ብቻ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሌላ ነገር ከመንካት በፊት ጎማ ባላንስ ያስደርጉ።

ከዚያ መኪናው በክሪክ ይነሳ፣ ሻንሲው ሥር መደገፊያ ይግባ፣ ጎማው ይንጠልጠል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዝውዙት። የሚጫወት ከሆነ ቦል ጆይንት ወይም ኩሽኔታ ነው፤ ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝ። ፍሬን ሲያዝ መጫወቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ። ቀጥሎ ግራና ቀኝ ይዘው ይወዝውዙ፤ እዚህ የሚጫወተው ቴስቲኒ ነው፣ ወይም ከሱ በስተውስጥ ያለው የመሪ ጫፍ። እጅን የመሪው አቧራ መከላከያ ጎማ ላይ አድርጎ ሲወዘወዝ ከውስጥ የሚመታ ከሆነ የውስጠኛው ነው። ይህን ሁሉ መካኒኩ በፊትዎ እንዲያደርገው ይጠይቁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። «በድምፁ አውቄዋለሁ» የሚል መካኒክ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ግን ገንዘቡ የእርስዎ ነው።

ጎማውም ይናገራል። ውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ከተበላ የአርም ጎሚኒ መላላት ወይም የተዛባ አላይመንት፣ በእጅ ሲዳሰስ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ የጎማዎቹ አቅጣጫ መዛባት፣ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ብሎ ከተበላ የደከመ አሞርዛተር ነው።

ዛሬ የሚሠራውና የሚቆየው

ቦል ጆይንትና ቴስቲኒ ቀጠሮ አይሰጣቸውም። ቦል ጆይንት ሲለቅ ጎማው ከፓራፋንጎው ሥር ይተኛል፣ መኪናው መሪ የለውም ማለት ይሆናል፣ ፍሬኑም ሊጠፋ ይችላል። ቴስቲኒ ሲለቅ አንደኛው ጎማ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርደውንና መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱ የሚያብጥና የሚጎብጥበትን መንገድ በሚጫወት ቦል ጆይንት መውረድ በምንም ሒሳብ አያዋጣም። መጫወቱ በእጅ ከተሰማ ዛሬ ይቀየራል፤ ሌላው ሁሉ ገንዘብ እስኪገኝ ይጠብቃል።

የአርም ጎሚኒ ሁለተኛ ነው። ሰው አይጥልም፣ ግን ጎማ ይበላል። የፊት ሁለት ጎማ ዋጋ ከጎሚኒ ሥራ ጋር ሲነጻጸር መቆየቱ እንደማያዋጣ ወዲያው ይታያል።

አሞርዛተር፣ የላይኛው መያዣና ሊንክ ሦስተኛ ናቸው። ዘይት የሚያፈስ አሞርዛተር በሻካራ መንገድ ጎማውን ከመሬት ጋር ስለማያጣብቀው የፍሬን ርቀት ያረዝማል፤ ቢሆንም ቀስ ተብሎ ከተነዳ ጥቂት ወራት መታገሥ ይቻላል። ላዩ ላይ አቧራ የያዘ ስስ ወዝ ብቻ ካለ አላፈሰሰም፤ እንደረጠበ ወደ ታች የወረደ ዘይት ሲታይ ነው ያበቃለት። መኪናውን ከፊት በኩል ሦስት አራት ጊዜ ተጭነው ይልቀቁት፤ አንዴ ተነስቶ ካልረጋ ደክሟል። በዚህ ፈተና ያለፈ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ግማሽ የደከመው ያልፋል።

ቦል ጆይንትና ቴስቲኒ፦ አዲስ፣ ያገለገለ፣ የታደሰ

እዚህ ላይ ንጽጽሩ አጭር ነው፦ አዲስ ብቻ። ያገለገለ ቴስቲኒ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው በዓይን አይታይም። ውጭ አገር ብዙ ሳይሠራ የተነቀለ ቢሆን እንኳ የአቧራ ጎማው በዕድሜ ይደርቃል፣ የመጀመሪያው ክረምት ጭቃ ይገባበታል። «ታድሷል» የሚባለው ደግሞ ይብሳል፤ ቆቡ ተመትቶ ወይም ውስጡ ፕላስቲክ ተሞልቶ ለጊዜው ይጠነክራል፣ ኳሷ ግን አንዴ ተበልታለች። ላዩን የተበየደ ቦል ጆይንት ካዩ አይግዙ፤ ሙቀቱ የውስጡን ማረፊያና ቅባት ያቃጥለዋል፣ የብረቱንም ጥንካሬ ይለውጣል።

ከአዲሶቹ መካከል የጃፓኑ 555 በቴስቲኒና በቦል ጆይንት የታወቀ ነው፤ የታወቀ በመሆኑም አስመስለው የሚያትሙት ብዙ ነው። ካርቶኑን አይመኑ። ዘንጉን በእጅ ሲያዞሩት ጠንከር ብሎ፣ ግን ሳይቆራረጥ መዞር አለበት፤ እንደ ልቡ የሚወዛወዝ አዲስ ቦል ጆይንት አዲስ አይደለም። የአቧራ ጎማው ለስላሳና ከላይም ከታችም በቀለበት የታሰረ ይሁን። ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርገው የዘንጉን ርዝመትና ውፍረት ያመሳስሉ፤ በዚህ ምክንያት አሮጌውን ሳያዩት አይጣል።

በ1990ዎቹ ኮሮላ ላይ ቦል ጆይንቱ ከአርሙ ጋር በቡሎን ስለሚታሰር ለብቻው ይቀየራል። በሌሎች መኪኖች ከአርሙ ጋር አንድ ሆኖ የሚመጣ አለ። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከሥር ገብቶ ማየት ነው፤ ለብቻው የሚፈታውን ከነአርሙ መግዛት በከንቱ ነው።

አርም፦ ጎሚኒ ማስገጠም ወይስ ሙሉውን መቀየር

ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። ብዙ ጋራዥ ሙሉ አርም ይመርጣል፣ ምክንያቱም ፈትቶ መግጠም ብቻ ነው፤ ጎሚኒ ማስገጠም ግን ፕሬስ ይጠይቃል። ለባለቤቱ የሚበጀው በሚገኘው ዕቃ ጥራት ይወሰናል። ርካሽ ሙሉ አርም ሲገዙ የሚመጣው ጎሚኒ ለስላሳና ደካማ ይሆንና ዓመት ሳይሞላው እንደ አሮጌው ይቀደዳል። ከመኪናው ጋር የመጣው አርም ቀጥ ያለ፣ ያልዛገ፣ ያልተሰነጠቀ ከሆነ በሱ ላይ ጥሩ ጎሚኒ በፕሬስ ማስገጠም ከርካሽ ሙሉ አርም ይበልጣል። ይህን ያለ ማቅማማት መናገር ይቻላል።

ሙሉ አርም የሚያዋጣው ቦል ጆይንቱ ከአርሙ ጋር አንድ ሆኖ እሱም ሲያልቅ፣ አርሙ ጉድጓድ ወይም የመንገድ ጠርዝ መትቶ ሲጎብጥ፣ ወይም ፕሬስ ያለው ጋራዥ በአቅራቢያ ሲጠፋ ነው። ሁለቱን አርሞች ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስተኝቶ ማነጻጸር መጉበጡን ያሳያል። ያገለገለ አርም ባዶ ብረቱ ብቻ ሊገዛ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ያገለገለ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ከነጎሚኒው እንደሆነ ግን ጎሚኒውን እንደሌለ ቆጥረው ይከራከሩ።

ጎሚኒ ሲገጠም በመዶሻ እየተመታ ከገባ ጠርዙ ይጎዳል። ለማለስለስ የሳሙና ውሃ እንጂ የሞተር ዘይት አይቀባም፤ ዘይት ጎማን ያሳብጣል። አሮጌውን በእሳት አቃጥሎ ማውጣትም የተለመደ ነው፣ ግን አርሙን አለልክ ያሞቀዋል። ጎሚኒው ላይ የአቅጣጫ ምልክት ካለ እንደ አሮጌው ይግባ።

ከሁሉ በላይ የሚበላሸው ግን ማጥበቁ ላይ ነው። የአርም ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው ጎማው ላይ ቆሞ ክብደቱን ሲሸከም ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው በዚያ ቦታ ይያዛል፤ መኪናው ሲወርድ ተጠማዝዞ ይኖራል፣ በጥቂት ወራት ይቀደዳል። «ጎሚኒው ፎርጂድ ነው» የተባለው ስንት ጊዜ የማጥበቅ ጥፋት ነው።

አሞርዛተር፦ በምን ደረጃ

አሞርዛተር በጥንድ ይቀየራል፣ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ጉድጓድ ላይ ወደ አንድ ወገን ይስባል። ያገለገለ አሞርዛተር መግዛት ከሁሉም መጥፎው ምርጫ ነው፤ ገንዘብ ካነሰ ያለውን ይዞ ቀስ ብሎ መንዳት ይሻላል። ቀዳዶ ዘይት ሞልቶ መበየድም አለ፤ የተበላው ቫልቭና ማኅተም ስለማይመለስ ቶሎ ያፈሳል፣ ጋዝ ያለበትን መበየድ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል።

አዲስ ሲገባ ሞላው አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም። ካልተሰበረና መኪናው በአንድ ወገን ካልወደቀ አሮጌው የቶዮታ ሞላ ከብዙ አዲስ ይሻላል። አብረው መቀየር ያለባቸው የላይኛው መያዣ (ኩሽኔታው ከጮኸ)፣ የአሞርዛተሩ የመጨረሻ መምቻ ጎማና የአቧራ ልብሱ ናቸው። መምቻ ጎማው ተፈርፍሮ ከቀረ አዲሱ አሞርዛተር በመጀመሪያው ትልቅ ጉድጓድ ብረት ለብረት ይመታል። ይህን ርካሽ ጎማ ሳይቀይሩ የሚገጥሙ ብዙ ናቸው።

ሥራው ሲሠራ የሞላ መጭመቂያ መኖሩን ይመልከቱ። ሞላው ሳይጨመቅ የመካከለኛው ዳዶ ከተፈታ ሰው ይገድላል፤ በገመድ ወይም በሽቦ አስሮ መፍታትም ያው ነው። ዘንጉ አብሮ ሲዞር በፒንሳ መያዝ ደግሞ የሚያብረቀርቀውን ላዩን ይቧጭራል፤ ያ ጭረት ማኅተሙን እየቆረጠ አዲሱን አሞርዛተር በአጭር ጊዜ ያስፈስሳል። ከመፈታቱ በፊት ከታች ያሉት ሁለት ቡሎኖች አቀማመጥ ላይ በቀለም ወይም በጭረት ምልክት ይደረግ፤ ቀዳዳው ትንሽ ሰፋ ስለሚል የጎማው ማዘንበል በዚያ ይለወጣል።

«ከተፈታ አይቀር» ምን ያህል እውነት ነው

ሒሳብ የሚያሳብጠው ይህ አነጋገር ነው። እውነት የሚሆነው አብረው ለሚፈቱ ዕቃዎች ብቻ ነው፦ ከአሞርዛተር ጋር የላይኛው መያዣና መምቻ ጎማ፤ ከአርም ጋር ቦል ጆይንት፤ ከቴስቲኒ ጋር የውስጠኛው የመሪ ጫፍ። አርምና አሞርዛተር ግን አብረው አይፈቱም፤ የሚጋሩት ጎማ ማውለቁንና አላይመንቱን ነው። ስለዚህ አርም ሲሠራ «አሞርዛተሩም ከተፈታ አይቀር» ቢባል የእጅ ዋጋው በእርግጥ ምን ያህል እንደሚቀንስ ይጠይቁ። ካልቀነሰ የሚተርፈው አንድ አላይመንት ብቻ ነው።

የመኪናው ዕድሜ ብዙ ቢሆንም በሁለቱም ጎን ከሁለት በላይ ዕቃ ካላለቀ ሙሉ ሥራ አያስፈልግም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሠራት የሚያዋጣው ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሲሆንና ባለቤቱ ከከተማ ርቆ፣ ለምሳሌ በጎጃም ከሞጣ ወይም ከቢቸና ወደ ውስጥ የሚሠራ ሲሆን ነው፤ ያኔ የመመላለሻው ወጪ ራሱ አንድ ዕቃ ይገዛል።

ወቅቱ

በጎጃም የመኪና እግር የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው፤ በበጋ በኮረኮንችና በኮብልስቶን ምት፣ በክረምት በተቀደደ የአቧራ ጎማ በሚገባ ውሃና ጭቃ። ዋልካ ጭቃ ከገባ በኋላ ቦል ጆይንት ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ግንቦት ላይ የሁሉንም የአቧራ ጎማ ማየትና የተቀደደበትን ከሰኔ በፊት መቀየር ይገባል። አሞርዛተርና መያዣው ምቾት ብቻ ከነኩ ወደ ጥቅምት ይሻገሩ፤ ክረምቱ የፈጠረው ጉድጓድ አዲስ አሞርዛተር ላይ እንዲፈተን ምክንያት የለም።

ጎማ መደብ ማስገባትን በተመለከተ፦ ቪትዝን ከፍ ለማድረግ ከሞላው ሥር ወይም ከላይኛው መያዣ ጋር የሚገባው መደብ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ይታገሡታል። ከዚያ በላይ ሲቪ ጆይንቱና ቦል ጆይንቱ ከተሠሩበት ማዕዘን ወጥተው ይሠራሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ። ከፍ ያለ መኪና እግሩ በየዓመቱ ለምን እንደሚያልቅ የሚጠይቅ ሰው መልሱ መደቡ ውስጥ ነው።

ሚኒባስ ያላችሁ

ዶልፊን የሚባለው ሃይኤስ አሠራሩ ሌላ ነው። በየጎማው ከላይና ከታች አርም፣ ሁለት ሁለት ቦል ጆይንት፣ በሞላ ፋንታ ተጠማዛዥ ዘንግ አለው። ዘንጉን የሚወጥረው ቡሎን ከመፈታቱ በፊት የወጣው ጥርስ በሚሊ ሜትር ይለካና ይጻፍ፤ አለዚያ መኪናው ጎን ለጎን ተዛንፎ ይቆማል። ሰው የሚጭን ስለሆነ ቦል ጆይንቶቹን ግማሹን ቀይሮ ግማሹን ማቆየት አይመከርም።

መሸጥ የሚታሰብበት መስመር

ዕቃ አልቋል ማለት መኪና አልቋል ማለት አይደለም። የሚያሳስበው አርሙ የሚታሰርበት ወይም አሞርዛተሩ ከላይ የሚያርፍበት የሻንሲ ብረት ሲዝግ፣ ሲሰነጠቅ ወይም ከአደጋ በኋላ ቦታውን ሲለቅ ነው። ምልክቱ ሁሉም ዕቃ አዲስ ሆኖ አላይመንቱ የማይመጣ፣ የግራና የቀኝ ጎማ ማዘንበል የማይገናኝ መሆኑ ነው። ያኔ ተጨማሪ ዕቃ መግዛት ይቁም፤ ሥራው የቀጥቃጭ ይሆናል።

ገጥሞ መጨረስ

የቦል ጆይንትና የቴስቲኒ ሾጣጣ ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ ተጠርጎ ደረቅ ይሁን፤ ቅባት አይነካውም። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፈው ሹካ ሽቦ) ቀዳዳ ካልተገናኘ ትንሽ ይጨመርበታል እንጂ ወደኋላ አይላላም። ኮፒሊያው ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ያለሱ ወይም በምስማር ተተክቶ የወጣ መኪና አይቀበሉ። ቴስቲኒ ሲወጣ ስንት ዙር እንደተፈታ ይቆጠርና አዲሱ ያንኑ ያህል ይግባ፤ እንዲህ ከሆነ ከትንሽ ከተማ ተነስቶ አላይመንት ማሽን ወዳለበት ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ጎማ ሳይበላ መድረስ ይቻላል። የኮሮላ የጎማ ዳዶ በ103 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም በ10.5 ኪሎ ግራም ሜትር አካባቢ ይጠብቃል፤ በረጅም ቧንቧ ላይ ቆሞ ማጥበቅ የቸርኬውን ቡሎን ይዘረጋል።

አላይመንቱ ሁሉም ዕቃ ከገባ በኋላ አንዴ ይሠራል፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የነበረው ቁጥር የታተመበት ወረቀትም ይጠየቃል። አሮጌዎቹ ዕቃዎች በሙሉ በማዳበሪያ ተደርገው ይመለሱልዎ። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ቡሎኖቹ እንደገና ይፈተሹ፣ ጎማው እንደ መጀመሪያው ቀን ከላይና ከታች፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ይወዝወዝ፤ የፊት ጎማዎቹ ጥርስም በእጅ ይዳሰስ።